ባዶውን መስመር ማን ይጠብቀው?

ባለቤት የሌለው ነገር ከሁለት ዕድል አንዱ ይገጥመዋል። ወይ ሁሉም ይቀራመተዋል፤ አለዚያም አንድ ሰው ማንም ሳይጠይቀውና ሳይከፈለው ተነሥቶ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያውን በየዕለቱ ስለምናየው አያስገርመንም። ሁለተኛው ግን ጥያቄ ያስነሣል። ማንም ያልሾመው ጠባቂ በምን ሥልጣን ይጠብቃል? የሚጠብቀው ነገር የሁሉም ከሆነስ ውሎ አድሮ የራሱ ርስት አድርጎ እንዳይቆጥረው ምን ያግደዋል?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር አየሩን የመሰለ ምሳሌ የለም። አየር ስል የምንተነፍሰውን ሳይሆን ድምፃችን የሚሳፈርበትን የሬዲዮ ሞገድ ማለቴ ነው። ሞገድ አይታጠርም፤ ካርታም አይወጣለትም። ምሳሌው የተወሰደው ከአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ተራው ሕዝብ በመኪናውና በቤቱ የሚያስቀምጣቸው የመገናኛ ሬዲዮዎች አሉ። የእነዚህ ሬዲዮዎች የጋራ መስመሮች እንዳይረበሹ ሲሉ ለብዙ ዓመታት ጆሯቸውን ተክለው የኖሩ በጎ ፈቃደኞችም አሉ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የእነርሱ ነገር ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል። የአሜሪካ መንግሥት በ1958 ለተራው ዜጋ በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ 23 ቻናሎችን ለቀቀ። «ሲቲዝንስ ባንድ»፣ በአጭሩ «ሲቢ» የሚባለው ይህ ነው። የሬዲዮው ኃይል በሕግ የተወሰነው በ4 ዋት በመሆኑ ድምፁ እንደ መሬቱ አቀማመጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። እንደ ስልክ የግል መስመር የለውም፤ አንዱ የሚናገረውን በዚያ ቻናል ላይ ያለ ሁሉ ይሰማዋል። ለመናገር ቁልፉን መጫን ያስፈልጋል፤ ቁልፉን የተጫነ ሰው ግን እስኪለቀው ድረስ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። መናገርና መስማት ባንድ ጊዜ አይሆኑለትም ማለት ነው። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሁለት ሰዎች ባንድ ቻናል ላይ ባንድ ጊዜ ቁልፍ ቢጫኑ ምን ይሆናል? መልሱ እንደ ሬዲዮው ዓይነት ይለያያል። በቀድሞው የሲቢ አሠራር፣ «ኤኤም» በሚባለው፣ ሁለቱ ሞገዶች ተጋጭተው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይፈጥራሉ፤ የአንዱም ንግግር በቅጡ አይሰማም። «ኤፍኤም» በሚባለው አሠራር ደግሞ ጠንካራው ደካማውን ይውጠዋል። ደካማው የተናገረ መሆኑ እንኳ አይታወቅም፤ አድማጭ ጆሮ የሚደርሰው የኃይለኛው ድምፅ ብቻ ነው፣ ያውም ጥርት ብሎ። ከሁለቱ የትኛው ይከፋል? በመጀመሪያው ሁሉም ይጎዳል፤ ነገር ግን ጉዳቱን ሁሉም ያውቀዋል። በሁለተኛው ተበዳዩ ብቻ ይጎዳል፤ መበደሉንም የሚያውቅለት የለም። የሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮም እነዚህን ሁለት ዓይነት ረብሻዎች ያውቃቸዋል፤ ፉጨቱን ሰምተን እንቆጣለን፣ መዋጡን ግን ሳናውቀው እናልፋለን።

ጠባቂዎቹ የመጡት እንዲህ ነው። በ1962 በቺካጎ «ሪአክት» የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ተመሠረተ። አሳቡን ያመነጨው ሄንሪ ክሪር የተባለ ሰው ሲሆን ማኅበሩን መጀመሪያ የደገፈው «ሃሊክራፍተርስ» የተባለው የሬዲዮ ፋብሪካ ነበር። አባላቱ በየቤታቸው ሬዲዮ ከፍተው በተራ ያደምጣሉ። በአውራ ጎዳና ላይ መኪናው የተበላሸበት ወይም አደጋ ያየ ሰው ሲጣራ ይሰሙና ስልክ አንሥተው ለፖሊስ፣ ለአምቡላንስ ወይም ለጎታች መኪና ይደውላሉ። ተንቀሳቃሽ ስልክ ባልነበረበት ዘመን ይህ ቀላል አገልግሎት አልነበረም። በ1970 አካባቢም የሞገድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ማለትም የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ቻናል 9ን ለድንገተኛ አደጋና ለመንገደኛ እርዳታ ብቻ እንዲውል ወሰነ። ይህ ደንብ ዛሬም አልተሻረም።

የዚህን ውሳኔ ጠባይ ልብ እንበል። ለቻናል 9 የተሰጠው ጥበቃ ባዶነት ነው። መስመሩ ጠቃሚ የሚሆነው ማንም ሳይናገርበት ሲቀር ነው። የእድር ጥሩምባ በሰፈራችን ክብደት የሚኖረው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሚነፋ ነው፤ ልጆች በየምሽቱ እያነሡ የሚጫወቱበት ቢሆን ኖሮ ሌሊት ሲነፋ ከአልጋው የሚነሣ አይገኝም ነበር። ስለዚህ የሪአክት ሰዎች ይጠብቁት የነበረው ነገር ዝምታ ነበር። ገና ላልደረሰ አደጋ፣ ለማይታወቅ እንግዳ የተቀመጠ ዝምታ።

መጠበቁ ግን እየከበደ ሄደ። በ1973 የነዳጅ ችግር መጣ፤ በ1974 መጀመሪያም የመንገድ ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል እንዲሆን ታዘዘ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ነዳጅ የት እንዳለና ፖሊስ የት እንደተደበቀ የሚነጋገሩበት መሣሪያ ሲቢ ሆነ። ከዚያ ዘፈኑ፣ ፊልሙና ፋሽኑ ተከተለ። ሕዝቡ በሚሊዮን እየተቆጠረ ሲገባ በ1977 ቻናሎቹ ወደ 40 ከፍ አሉ። በ4 ዋት አልረካ ያለውም በሕግ የተከለከለ አምፕሊፋየር እየገጠመ በመቶዎች ዋት መጮህ ጀመረ። በ1983 ደግሞ የፈቃድ ግዴታው ራሱ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በሲቢ ላይ ማን ማን እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ የለም፤ ያለው የቅጽል ስም ብቻ ነው።

በዚህ መካከል፣ በ1982፣ አንድ የሚገርም ሕግ ወጣ። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚሽኑ በአማተር ሬዲዮና በሲቢ ላይ የሚፈጸሙ ጥፋቶችን እንዲያዳምጡለት ያለ ክፍያ በጎ ፈቃደኞችን እንዲጠቀም ፈቀደለት። ሕጉ ግን የሥልጣናቸውን ልክ በጥንቃቄ አጥሮታል። ጥፋትን ማግኘት፣ ያገኙትን ለኮሚሽኑ ማሳወቅ፣ ላጠፋው ሰው የምክር ማስታወቂያ መላክ ይችላሉ። መቅጣት ግን አይችሉም። በአማተሮቹ ዘንድ እነዚህ አድማጮች ለአጥፊው ማሳሰቢያ ከመጻፍ ሌላ ሥርዓት አክብሮ ለሚሠራውም የምስጋና ካርድ ይልኩ ነበር። ጆሮ ተሰጣቸው፣ ብዕር ተሰጣቸው፤ በትር ግን ተከለከሉ።

ለመሆኑ በትር የሌለው ጠባቂ ምን ይጠቅማል? የዘመናችን ሊቃውንት በዚህ ላይ ተከራክረዋል። ጋሬት ሃርዲን በ1968 በጻፈው ስመ ጥር መጣጥፍ የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሏል። እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ቢጨምር ትርፉ የራሱ ሲሆን ጉዳቱ ለሁሉም ይከፋፈላልና ሁሉም ይጨምራል፤ ሣሩም ያልቃል። ሮናልድ ኮዝ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1959፣ ስለ ሬዲዮ ሞገድ በቀጥታ ሲጽፍ መድኃኒቱ ባለቤትነት ነው የሚል አሳብ አቀረበ። ሞገዱ እንደ መሬት ይሸጥ፣ ይለወጥ፤ የገዛው ይጠብቀዋል። አሜሪካ በ1994 የሞገድ ጨረታ ስትጀምር ይህ አሳብ ከወረቀት ወደ ገበያ ወጣ። ኤሊኖር ኦስትሮም በበኩሏ በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ከስዊዘርላንድ ተራሮች እስከ ፊሊፒንስ የመስኖ ቦዮች ያሉ መንደሮችን አጥንታ፣ የጋራ ሀብት ያለ ሻጭና ያለ አለንጋ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊጠበቅ እንደሚችል አሳየች። ከዘረዘረቻቸው ምክንያቶች አንዱ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ተጠቃሚዎች ወይም ለተጠቃሚዎቹ ተጠያቂዎች መሆናቸው ነው።

ኮዝ ጥሩ ኢኮኖሚስት ነው። ይሁንና ቻናል 9ን ማን ይገዛዋል? በመንገድ ዳር የወደቀ ሰው ከመውደቁ በፊት ለጨረታ አይቀርብም። ከአንድ ሰው ጋር የምንካፈለውን ነገር ዋጋ ልንተምንለት እንችላለን፤ ከማናውቀውና ገና ካልመጣ ሰው ጋር የምንካፈለውን ግን በምን ሚዛን እንመዝነዋለን? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ሎሚዋ አንዲት ናት፣ ሰዎቹ ሃምሳ ናቸው፣ የምትጠቅመውም ሃምሳዎቹ ሳይነኳት ሲቀሩ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ከገበያ ይልቅ የሰው ልማድና ኅሊና ይጠብቀዋል። ለዚህም ማስረጃ ከዚያው አለ። ሾፌሮች የሚነጋገሩበት ቻናል 19 በሕግ የተመደበ አይደለም፤ ልማድ ነው የመረጠው፣ ልማድ ነው ያጸናው።

እስካሁን ጠባቂዎቹን አመሰገንን። አሁን ፈተናቸውን እንይ፤ የሞራሉ ጥያቄ ያለው እዚያ ነውና።

የመጀመሪያው ፈተና ቁጣ ነው። አንድ ሰው በባዶው መስመር ላይ ገብቶ ይቀልዳል፣ ይዘፍናል፣ ወይም ቁልፉን ተጭኖ ዝም ይላል። ጠባቂው ይሰማል፤ ደሙ ይፈላል። ማይክሮፎኑን አንሥቶ «ይህ የአደጋ መስመር ነው፣ ውጣ!» ይላል። ሌላውም ይመልሳል። ሌላ ጠባቂ ያግዛል። ክርክሩ በቀጠለ ቁጥር መስመሩን የያዘው ማን ነው? በዚያች ሰዓት መኪናው የተገለበጠበት ሰው በደካማ ባትሪ ቢጣራ ድምፁን የሚሸፍንበት የረባሹ ሞገድ ብቻ አይሆንም፤ የጠባቂውም ጭምር ነው። ጠባቂው ቁልፉን ተጭኗልና ጥሪውን ለራሱም አይሰማም። ስለዚህ የነገሩ አዋቂዎች የሚሰጡት ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ለረባሽ አትመልስ፣ እንደ ሰማኸውም አታሳውቀው፤ ሰዓቱንና የሰማኸውን መዝግብ፣ ለሚመለከተው አሳውቅ። ረባሽ የሚሻው ተመልካች ነው፤ ተመልካች ያጣ ብዙ አይቆይም።

ሁለተኛው ፈተና ክንድ ነው። የረባሽን ቤት ማግኘት እጅግ የሚያስቸግር አይደለም። ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ የሚያመለክት አንቴና ይዘው ሁለት ሰዎች በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቆማሉ፤ እያንዳንዳቸው በካርታ ላይ መስመር ያሰምራሉ፤ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ሰፈር ረባሹ ያለበት ነው። ከዚያ በመኪና እየዞሩ ማጥበብ ነው። ታዲያ ከበሩ ከደረሱ በኋላ ምን ይደረጋል? በሬዲዮ ሰዎች መካከል የቆየ ወሬ አለ፤ በሌሊት የረባሹን የአንቴና ገመድ በመርፌ ወግቶ ማበላሸት። ሲያወሩት ያስቃል። ነገር ግን የሰውን ንብረት በጨለማ የሚያበላሽ ሰው ነገ ማንን ሊከስ ነው? በተጨማሪም አድራሻውን ቢሳሳትስ?

መሳሳት ደግሞ ቀላል ነው፤ ረባሹ ሁሉ ክፉ አይደለምና። ፀሐይ በየ11 ዓመቱ ገደማ ነጠብጣቧ ሲበዛ በ27 ሜጋኸርዝ የሚሄድ ድምፅ ከከባቢ አየር ላይ እየነጠረ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በአንድ ክፍለ አገር ከጎረቤቱ ጋር የሚያወጋ ሰው ሳያውቀው በሌላኛው የአህጉሩ ጫፍ ያለውን ቻናል ይሸፍናል። «ጂኤምአርኤስ» በሚባለው ሌላው የግል ሬዲዮ አገልግሎት ደግሞ ፈቃድ ያወጡ ሰዎች በራሳቸው ገንዘብ በኮረብታና በፎቅ ላይ ድምፅ ተቀባይና አስተላላፊ ጣቢያ ይተክላሉ። በ1996 ፈቃድ የማይጠይቁ ትናንሽ የእጅ ሬዲዮዎች ከእነርሱው ቻናሎች ከፊሎቹን እንዲጋሩ ተደረገ፤ በ2017 መጋራቱ ሰፋ። ዛሬ ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ጣቢያ የሚረብሸው ብዙ ጊዜ የጥሪ ደወሏን ደጋግሞ የሚጫን ሕፃን ሊሆን ይችላል። ሕፃኑም እኮ በሕግ የተፈቀደለትን ነው የሚያደርገው። በዚህ ጊዜ «መስመራችን ተወረረ» የሚል ጠባቂ ካለ፣ የሁሉም የነበረው ነገር በልቡ ውስጥ ሳያውቀው «የእኛ» ሆኗል ማለት ነው።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉ ይከብዳል፤ ረብሻ የቱ ነው፣ መልእክት የቱ ነው ብሎ መለየት ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 1912 ሌሊት የታይታኒክ መርከብ የሬዲዮ ሠራተኛ ጃክ ፊሊፕስ የተጠራቀመ የመንገደኞች መልእክት ወደ ካናዳ ጠረፍ፣ ወደ ኬፕ ሬስ ጣቢያ፣ በማስተላለፍ ተጠምዶ ነበር። በዚያ መካከል አቅራቢያው የነበረችው የካሊፎርኒያን መርከብ ሠራተኛ ሲረል ኢቫንስ ገባበት። ቅርብ ስለነበረ ምልክቱ የፊሊፕስን ጆሮ አደነቆረው። ፊሊፕስም ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ ሲል መለሰለት። ኢቫንስ ሊነግረው የፈለገው መርከባቸው በበረዶ ተከብባ መቆሟን ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮውን ዘግቶ ተኛ። ታይታኒክ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን 20 ደቂቃ ሲቀረው ከበረዶው ጋር ተጋጨች። የድረሱልኝ ጥሪዋ ሲላክ በቅርብ የነበረው ጆሮ ተዘግቶ ነበር። ከ1,500 በሚበልጡ ሰዎች ሞት ፊሊፕስን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ እስከ መጨረሻው ጥሪ ሲልክ ቆይቶ እርሱም አብሮ ሞቷል። ኢቫንስም መልእክቱን በተለመደው የአስቸኳይ ማስጠንቀቂያ ወግ አላቀረበውም ይባላል። ነገር ግን ትምህርቱ አይቀርም፤ ሥራችንን የሚያቋርጠን ሁሉ ረባሽ አይደለም። አንዳንዴ ረብሻ መስሎ የሚመጣው ሊያድነን የመጣው ነው።

መርከበኞች ከዘመናት ተሞክሮ የደረሱበት መፍትሔ ይህን አሳብ በሰዓት ላይ የጻፈ ነበር። በመርከብ የሬዲዮ ክፍል የሚሰቀለው ሰዓት ፊቱ ላይ በቀይ የተቀባ ክፍል ነበረው። በእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ፣ በአደጋው ሞገድ ላይ ማንም እንዳይልክና ሁሉም እንዲያደምጥ ይገደድ ነበር። በ1999 አዲሱ የባሕር አደጋ መገናኛ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ እስኪተካው ድረስ ልማዱ ቆይቷል። በሲቢ ደንብም የሚመሳሰል ነገር አለ፤ ንግግር ከአምስት ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢያንስ አንድ ደቂቃ መስመሩ እንዲለቀቅ ያዝዛል። አቁሞ ማዳመጥ በጥቅም የተፈተነ ሥርዓት እንጂ የጨዋነት ጌጥ ብቻ አይደለም።

አንድ ተቃዋሚ ሊነሣብኝ እንደሚችል አውቃለሁ። «ይህ ሁሉ የደካማ ፍልስፍና ነው» ይለኛል። «በ1,000 ዋት የሚጮኸውን ሰው ዝም ብለህ ብትመዘግበው መዝገብህ ይሞላል እንጂ እርሱ አይቆምም። ባለሥልጣኑም በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ታዲያ ዝምታህ ለኃይለኛው መንገድ መጥረግ አይደለምን?» ክርክሩ ቀላል አይደለም። ኮሚሽኑ የሠራተኛውን ቁጥር እየቀነሰ፣ የመስክ ጽሕፈት ቤቶቹን እየዘጋ የሄደ መሆኑ እውነት ነው። መዝግበው የላኩት ወረቀት ምላሽ ሳያገኝ የቀረባቸው ሰዎች ቢመሩ አይፈረድባቸውም። በዝምታ ስም የሚፈጸም ስንፍናም እንዳለ እናውቃለን።

ሆኖም ጠባቂው መምረጥ ያለበት በዝምታና በጩኸት መካከል አይደለም። በሥራው ዓላማና በስሜቱ መካከል ነው። የቆመው መስመሩ ለሚጣራው ሰው ክፍት እንዲሆን ነው። የሚያደርገው ነገር ሁሉ በዚያ ይመዘን፤ ይህ ድርጊቴ መስመሩን ይከፍተዋል ወይስ ይዘጋዋል? መመዝገብ ይከፍታል። ላላወቀው በትሕትና ማስረዳት ይከፍታል። መልካም ላደረገው ማመስገን ይከፍታል። ተባብሮ ባለሥልጣኑን መወትወትም ይከፍታል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? በመስመሩ ላይ መሳደብ ግን ይዘጋል። ገመድ መውጋት ደግሞ ከመዝጋትም ያለፈ ነው። እንዲህ ያለው ጠባቂ ኃይለኛውን በማሸነፍ ፈንታ ሁለተኛ ኃይለኛ ይሆናል፤ በትሩን የነፈገው የ1982ቱ ሕግ ምናልባት ከራሱ ሊያድነው አስቦ ይሆናል።

ሌላም የሚባል አለ፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ባለበት ዘመን ቻናል 9ን የሚጠብቅ ሰው ባዶ ቤት ይጠብቃል ይባላል። የጠሪው ቁጥር እጅግ መቀነሱ አይካድም። ነገር ግን በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ በደሴቲቱ ካሉት የተንቀሳቃሽ ስልክ ማማዎች ከመቶ 95 የሚሆኑት ሥራ አቁመው ነበር። በዚያ ሰሞን ወሬ ያደረሱት በባትሪና በጄኔሬተር የሚሠሩ የአማተር ሬዲዮዎች ናቸው። ያን ጊዜ ሬዲዮ መክፈት የቻለው፣ ማንም በማይጣራባቸው ዓመታት ሁሉ መሣሪያውንና ልማዱን ያላስረጀ ሰው ነው። ማንም ያልተጣራበት ሌሊት የከንቱ ሌሊት አይደለም፤ ዘበኛ ሌባ ባልመጣበት ሌሊት ሥራ ፈት ነበር አይባልም።

እኛ አገር ቻናል 9 የለንም። ነገር ግን ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ የሚናገርበት፣ ጠንካራው ደካማውን የሚውጥበት፣ የተዋጠውም መዋጡ የማይታወቅበት ስፍራ ሞልቶናል። በየስብሰባው፣ በየቤቱ፣ በየእድሩ አለ። እነዚያ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች የሚያስተምሩን ነገር ካለ አንድ ነው፤ የጋራውን ስፍራ የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ የሚቆጣጠረው የገዛ ጣቱን ነው። ቁልፉን በተጫነ ቁጥር መስማቱን ያቆማል። ሊጠብቀው የተነሣውን ድምፅ የሚሰማው ደግሞ ጣቱን ሲያነሣ ብቻ ነው።